የእንግሊዝ ሹም ቢሮ የነበረው ፎቶ ኮፒ ቤት

ነገሩን የጀመረው ታፔላዬ ነው። ይህን አስቀድሜ የማምነው ትሑት ስለሆንኩ አይደለም፤ ጅጅጋ ውስጥ የማያውቅ ሰው ስለሌለ ነው።

ፎቶ ኮፒ ቤቴ ከአሮጌው ገበያ ጀርባ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። የቀበሌ ቤት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ስከራየው በር እንኳን አልነበረውም። በሩን እኔ አስገጠምኩ፣ መብራቱን እኔ አስገባሁ፣ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ በኖራ ቀባሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ይነግድ የነበረው አባቴ ሞተና ትምህርት ቤት መሄድ ተውኩ። መማር ግን አልተውኩም። ሰው ኮፒ ሊያስደርግ ያመጣውን ሁሉ አነባለሁ፤ የፍርድ ቤት ክስ፣ የኮሌጅ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ከሸደር የስደተኞች መጠለያ የሚመጣ የእርዳታ ሪፖርት፣ የሰርግ ጥሪ፣ የፍቺ ማመልከቻ። አንዳንዴ የሰርጉም የፍቺውም የአንድ ሰው ይሆናል። ማሽኑ አርባ ገጽ አውጥቶ እስኪጨርስ እኔ አርባውን አንብቤ ሻዬን እጠጣለሁ። ባለ ዲግሪዎቹ ሊያስጠርዙ ሲመጡ "ገጽ ሠላሳ ላይ ያልከው ገጽ ሃምሳ ላይ ካልከው ጋር ተጣልቷል" ስላቸው ፊታቸው ይከስላል። አርመው ይመለሳሉ ግን። ይህች ቤት ለእኔ ሱቅ ብቻ አይደለችም፤ ትምህርት ቤቴ ናት። ከእሷ ብወጣ ማን ወረቀቱን አምጥቶ ያስነብበኛል?

እንግዲህ በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ መጣ። ገጽ ዐሥራ ሰባት ላይ እንዲህ ይላል፦ "በእንግሊዝ አስተዳደር ጊዜ የሹሙ ቢሮ ከገበያው አጠገብ በሚገኝ የድንጋይ ቤት ውስጥ እንደነበር ይነገራል።" ቀና ብዬ ቤቴን አየሁ። ከገበያው አጠገብ። ድንጋይ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያላየሁት ነገር ሁሉ ታየኝ። ግድግዳው ላይ ደረቴ ቁመት ላይ የተተከሉ ስምንት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ አንጠለጥልባቸው ነበር። ለካ የባንዲራ ማሰሪያ ናቸው። በስተቀኝ በኩል ከግድግዳው ጋር የተሠራ፣ መሐሉ እንደ ጀልባ የጎደጎደ ረዥም ድንጋይ አለ፤ ጣውላ ጥዬበት ማሽኔን አስቀምጬበታለሁ። ለካ የሹሙ ጠረጴዛ ነው። መሐሉ የጎደጎደው በጅጅጋ ነፋስ ወረቀቱ እንዳይበርበት ነው። ወለሉ ወደ በሩ ዘመም ብሎ ቦይ አለው። ይህም ለጽዳት ነው፤ እንግሊዝ ንጹሕ ሕዝብ እንደሆነ አንብቤአለሁ።

ታፔላ ሠዓሊውን ፋይሶን ጠራሁትና በቀይና በሰማያዊ አስጻፍኩ፦ "ንጋቷ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት፤ በእንግሊዝ ሹም ቢሮ በነበረው ታሪካዊ ቤት።"

ፋይሶ መሰላሉ ላይ ሆኖ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ።

"አንተ ፊደሉን አሳምር፤ እርግጠኛነቱን ለእኔ ተወው።"

ገበያዬ ደራ። ሰው ኮፒ ባይኖረውም ቤቱን ለማየት ይገባል። ለእያንዳንዱ "እዚህ ጋ ሹሙ ይፈርም ነበር" እያልኩ ድንጋዩን በእጄ መታ መታ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ዐብዲፈታህን፣ የኮሌጁን የታሪክ መምህር፣ እጁን ድንጋዩ ላይ አስደግፌ "ይሰማሃል?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሥልጣኑ።"

"ቅዝቃዜው ይሰማኛል" አለ። እጁን ግን ቶሎ አላነሳም።

በደጄ ጥላ ሥር የግመል ወተት የሚሸጡት ኤዶ ማርያን ይህን ሁሉ ያያሉ። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የማንም አክስት ሳይሆኑ የሁላችንም አክስት ናቸው። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ወተቱን በአሮጌ የቆርቆሮ ጣሳ እየሰፈሩ ታፔላዬን ቀና ብለው ያዩና ጥርስ በሌለው አፋቸው ፈገግ ይላሉ። ኮርተውብኝ ይመስለኝ ነበር።

ወሩ ሳይሞላ የቀበሌያችን የቅርስ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ቢሌ ሰፊ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ኮሚቴው ኮምፒውተር ስለሌለው ደብዳቤውን ሁሉ የምጽፍለት እኔ ነኝ። ቁጭ አሉና ቃል በቃል ያስጽፉኝ ጀመር።

"ለወይዘሪት ንጋቷ" አሉ።

"የትኛዋ ንጋቷ?"

"ጻፊ እንጂ።"

ጻፍኩ። ከታፔላው እንደተረዳነው ቤቱ ከውጭ ገዢዎች ዘመን የቀረ ስለሆነ ኮሚቴው ተከራክሮ ይወስናል፤ ቅርስ ነው ከተባለ ሙዚየም ይሆናል፣ የቅኝ ገዢ ርዝራዥ ነው ከተባለ ፈርሶ አደባባይ ይሆናል። "በሁለቱም መንገድ ተከራይዋ ቤቱን ትለቃለች።"

እጄ ቆመ። "አቶ ቢሌ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ።"

"አዎ። ሁለት ኮፒ አድርጊው፤ አንዱን ፈርመሽ ተቀበዪ።"

የራሴን ማስለቀቂያ በራሴ ወረቀት፣ በራሴ ቀለም አትሜ፣ ፈርሜ ተቀበልኩ። አንድ የፊደል ግድፈት የለውም፤ እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ያማረ ነው።

ያን ቀን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ሙዚየም ይሁን ቢሉም እወጣለሁ፣ ይፍረስ ቢሉም እወጣለሁ። የሚያድነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክርክሩ እንዳያልቅ።

ለዚህ ደግሞ ከጅጅጋ የተሻለ ከተማ የለም። ኮሚቴው እንደ ጎሳ ሽማግሌዎች ሸንጎ ነው የሚሠራው። እጅ ማውጣት የለም፤ ሁሉም እሺ እስኪል ይወራል። ስብሰባው ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የጫት መኪናዋ ከአወዳይ በባቢሌ በኩል ሽው ብላ ከገባች ቆይታለች፤ የጅጅጋ ወንድ ሁሉ ጉንጩ ሞልቶ የዓለምን ችግር መፍታት የሚጀምርበት ሰዓት ነው። አቶ ቢሌ ይህን ስለሚያውቁ አንድ ሕግ አውጥተዋል፤ በምርቃና የተወሰነ ነገር በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በባዶ አፍ ካልተደገመ አይጸናም። ሕጉ የመጣው ከመከራ ነው። ሌላ ኮሚቴ ውስጥ ሳሉ አንድ ከሰዓት በኋላ ከጅጅጋ እስከ ካራማራ ተራራ ጫፍ በገመድ ላይ የሚሄድ መኪና እንዲዘረጋ ወስነው ደብዳቤውን በዚያው ቀን ልከውት ነበር። መልስ መጣ። መልሱን ኮፒ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ አልደግመውም።

ስብሰባው እኔው ቤት ሆነ፤ "የሚከራከሩበትን ነገር እያዩ መከራከር ይሻላል" ብዬ ምንጣፉን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤውን በአማርኛም በሶማሊኛም የምጽፈውም እኔ። ተከራካሪዎቹ ሦስት ነበሩ። ጋሽ ተክለማርያም በጃንሆይ ጊዜ በሃያ ዓመታቸው አስተማሪ ሆነው የመጡና እስካሁን ያልሄዱ ጡረተኛ ናቸው፤ ቤቱን የሠራው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው ባይ ናቸው። አዴር ዐቦኮር ሐርጌሳ ውስጥ በወጣትነታቸው የእንግሊዝ ቢሮ ጸሐፊ የነበሩ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ሐርጌሳ ስትደበደብ ሸሽተው የመጡ ሰው ናቸው። አዴር አጎት ማለት ነው። በሙቀቱም በነፋሱም ክራቫታቸውን አያወልቁም፤ ሙዚየም ይሁን ባይ ናቸው። ሦስተኛው ዐብዲፈታህ ነው። ይፍረስ ባይ።

እኔ ሦስቱንም በእኩል አስታጠቅኋቸው። ለአዴር ስለ እንግሊዝ ፍርድ ቤት የሚያወራ ጽሑፍ፣ ለጋሽ ተክለማርያም ስለ ጃንሆይ ትምህርት ቤቶች፣ ለዐብዲፈታህ ስለ ሐውድ ግጦሽ መከፈል። ሁሉንም በነፃ፣ ሁሉንም በፊትና በጀርባ። አንዱ ሊሸነፍ ሲል "አዴር፣ ገጽ ዘጠኝን አዩት?" እላለሁ።

"እንግሊዝ ሕግ አስተማረን" ይላሉ አዴር ዐቦኮር። "ሰዓት አስተማረን። ወረፋ አስተማረን።"

"አዴር፣ ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ወረፋ ጥሰው ሲገቡ አይቼዎታለሁ" ይላል ዐብዲፈታህ።

"አስተማረን ነው ያልኩት፤ አስለመደን መች አልኩ።"

"ሐውድንስ? የሶማሌ ግመል የሚግጥበትን ምድር ማን ቆርሶ ሰጠ? የእርስዎ እንግሊዝ። ማን ተቀበለ? የጋሼ ጃንሆይ። ግመሎቹን ማን ጠየቀ?"

"ግመል አይጠየቅም" አሉ ጋሽ ተክለማርያም። "አንተ ልጅ፣ እኛን ግን ከነሱ ጋር አትቀላቅለን። ይህ አገር አልተገዛም። በቅኝ ግዛት ያልተያዘ ሕዝብ ነን።"

ዐብዲፈታህ የጫቱን እንጨት አስቀመጠ። "'ነን' ሲሉ እኔን ጨምረው ነው፣ ጋሼ? እንግሊዝ ሲመጣ ገዛኝ አልን። ጣልያን ሲመጣ ገዛኝ አልን። ከአዲስ አበባ ሹም ሲመጣ ምን እንበል?"

የማሽኔ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል። ቃለ ጉባኤው ላይ "ዝምታ" ብዬ ጻፍኩ።

ዝምታውን የሰበሩት አቶ ቢሌ ናቸው። ሰብሳቢ ስለሆኑ ብዙ አይናገሩም ነበር። "ጋሼ፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ያስተማሩኝ እርስዎ ነበሩ፤ ያስታውሱኛል?" አሉ በዝግታ። "አማርኛ አላውቅም ነበር። በሶማሊኛ ሽንት ቤት ልሂድ ስል በማስመሪያ መቱኝ። በአማርኛ እስክለው ድረስ ረፈደ።"

ጋሽ ተክለማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። "ስንት ጊዜ መታሁህ?"

"አልቆጠርኩም። ሒሳብም የሚያስተምሩን እርስዎ ነበሩ።"

መጀመሪያ የሳቁት አዴር ዐቦኮር ናቸው፤ ክራቫታቸው አንቋቸው እስኪስሉ ድረስ። ከዚያ ሁላችንም። ጋሽ ተክለማርያምም ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ዓይናቸው ረጠበ፣ ቆየት ብለውም "ሃያ ዓመቴ ነበር፤ እኔም ሶማሊኛ አላውቅም። ፈርቼ ነው የምማታው" አሉ። ከጫታቸው ለጋ ለጋውን መርጠው ለቢሌ ሰጧቸው። ቢሌም ተቀበሉ።

"ይህን ልጻፈው?" አልኩ።

"የትኛውን?"

"ሽንት ቤቱን።"

"ጻፊው" አሉ አቶ ቢሌ፣ "ግን 'አንድ ተማሪ' በዪ።"

ዐብዲፈታህ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ ንጋቷ? ሁሉንም ትጽፊያለሽ፣ የራስሽን አትናገሪም። አንቺ የማን ቅርስ ነሽ?"

"እኔ የማሽኑ ቅርስ ነኝ። የሁላችሁም ግልባጭ አለኝ፤ ዋናው የማን እንደሆነ ግን እናንተም አታውቁም።"

"አቤት ምላስ።"

"ከአንተ መመረቂያ ጽሑፍ ያነበብኩት ነው፤ ገጽ ስድሳ አንድ።" ውሸቴን ነው። ማታ ቤቱ ገብቶ ገጽ ስድሳ አንድን እንዳገላበጠ ግን እርግጠኛ ነኝ።

እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት አለፈ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤቱ ፈረሰ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተገነባ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙዚየሙ ሦስት ፎቅ ሆኖ ካፌ ተከፈተበት፤ ጠዋት ላይ ማንም አላስታወሰውም። ጫማ ጠራጊዎቹ ሁሉ በሁለት ተከፍለው "እንግሊዝ" "ጃንሆይ" እየተባባሉ ይፎጋገራሉ። አንድ የደገሀቡር የከብት ነጋዴ ኮፒ ሊያደርግ ገብቶ፣ ስለ ጣልያን መንገድ አንድ ሰዓት ተናግሮ፣ መታወቂያውን ረስቶ ወጣ። እንደዚያ ቅልል ብሎኝ አያውቅም። ክርክሩ እስከ ልጅ ልጆቼ የሚደርስ መስሎኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ግን ነገር ተበላሸ። ጫቱ ጥሩ ነበር፤ ዝናብ ዘንቦ አቧራው ተኝቷል፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ወደደ። አዴር ዐቦኮር "ልጄ፣ የአንተም እውነት ነው" አሉ ለዐብዲፈታህ። ዐብዲፈታህ "የእርስዎም ቢሆን" አለ። ጋሽ ተክለማርያም ተነሥተው መሐል ቆሙና "ፊት ለፊቱ ይፍረስ፣ ጓሮው ሙዚየም ይሁን" አሉ።

"እሺ" አለ ዐብዲፈታህ።

"እሺ" አሉ አዴር።

አቶ ቢሌ ወደ እኔ ዞሩ። "ጻፊ። ሁሉም እሺ ብሏል።"

"ጠዋት ይደገማል አይደል?" አልኩ።

"ይደገማል።"

የሚደገም ብቻ ሳይሆን የሚጸናም መሆኑን ያወቅኩት ጋሽ ተክለማርያም ሲወጡ ነው። "ለእኔ አንድ ኮፒ አድርጊልኝ" አሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ኮፒ ጠይቀው አያውቁም። አዴር ደግሞ በአዘኔታ "በምረቃው ቀን አስጎብኚ አንቺ ትሆኛለሽ" አሉኝ። የአንድ ቀን ሥራ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገመዶቼን ከቀለበቶቹ ላይ ማውረድ ጀመርኩ። ኤዶ ማርያን ዕቃቸውን ሰብስበው ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

"ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ በሶማሊኛ።

ነገርኳቸው። ስለ እንግሊዙ ሹም፣ ስለ ቢሮው፣ ስለ ግማሽ ሙዚየሙ። ሳልጨርስ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሱ መስሎኝ ልደግፋቸው ስጠጋ እየሳቁ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው፣ ቀስ ብለው ተንሸራተው መሬት ቁጭ አሉ።

"የእንግሊዝ ሹም" አሉ። "ሹሙ አራት እግር ነበረው?"

"ምን ማለትዎ ነው?"

"ይሄ የበቅሎ ጋጣ ነው፣ ልጄ። እዚህ ቀለበት ላይ ቀዩዋ ትታሰራለች፣ እዚያኛው ላይ ተራጋጩ። ይሄ ማሽንሽን ያስቀመጥሽበት ገንዳ ነው፤ ሳር የማፈስበት። ያ ቦይ ደግሞ..." ቦዩን አዩና እንደገና ሳቃቸው መጣ። "እሱን ተይው።"

"የሹሙ ቢሮስ?"

"እዚያ ጎሚስታው አሁን ጎማ የሚለጥፍበት ቦታ። የጭቃ ቤት ነበር፤ ዝናብ አፈረሰው። በድንጋይ የተሠራው ለበቅሎዎቹ ነው። ሹሙን ጅብ አይበላውማ።"

የመመረቂያ ጽሑፉ ገጽ ዐሥራ ሰባት ዓይኔ ፊት ተቀደደ። "ኤዶ፣ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? ያ ወረቀት የጻፈው ልጅ ከእኔ ወተት እየገዛ ነው ሽማግሌዎቹን ሊጠይቅ የሄደው። አንቺም የምትጠይቂኝ ወተቱ ውሃ አለበት ወይ ብለሽ ነው። ታፔላሽን ሳይ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ሳር ያጨድኩበት ቤት ሹም ሆነ አልኩ።"

ተቀመጥኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ የአገሩን ወረቀት ሁሉ አንብቤ፣ በደጄ የተቀመጡትን አላነበብኩም። ከዚያ ሌላ የከፋ ሐሳብ መጣ፤ ይህን ብናገር ቤቷ ትድናለች፣ የበቅሎ ጋጣ ማን ሙዚየም ያደርጋል፣ ማንስ ጠላቴ ነው ብሎ ያፈርሳል? እኔ ግን በከተማው ሁሉ መሣቂያ እሆናለሁ። ስንቱን ሰው ገንዳ አስዳስሼ "ሥልጣኑ ይሰማሃል?" ብያለሁ። ዐብዲፈታህን በተለይ።

ለሌሎች ቢሆን ቶሎ እመክር ነበር። ለራሴ ግን ምክር ሲያጥረኝ፣ ማሽኑን ይዤ ልወጣ ሦስት ጊዜ ለማንሣት ሞከርኩ፤ ከገንዳው አልነቃነቅ አለ። እንደዚያ ነው ለመናገር የወሰንኩት።

"ኤዶ፣ ነገ ሦስት ሰዓት ይመጣሉ?"

"ወተት አለኝ።"

"ወተቱን እኛው እንጠጣዋለን።"

ጠዋት አራቱም ባዶ አፋቸውን፣ ከባድ ፊት ይዘው መጡ። አቶ ቢሌ "ትናንት የተባለው እንዲደገም" ሲሉ ተነሣሁ። ድምፄንም ከፍ አደረግኩት።

"ከመደገሙ በፊት። ታፔላዬ ውሸት ነው። ይህ ቤት የማንም ሹም ቢሮ አልነበረም። በቅሎ ይታሰርበት ነበር። ምስክር አለኝ፣ ማስረጃም አለኝ።"

ማሽኑን ዐብዲፈታህና አቶ ቢሌ እንዲያነሡ አዝዤ ጣውላውን ገለበጥኩ። የድንጋዩ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ተቦርቡሯል፤ የጥርስ ሥራ ነው። የገንዳው ጥግ ላይ የደረቀ ሳር እንኳን ነበር፤ የኔ ጽዳት እንግዲህ እስከዚህ ነው።

አዴር ዐቦኮር ጎንበስ ብለው አዩ። "እንግሊዝ... በቅሎ?"

"በቅሎ" አሉ ኤዶ ማርያን፣ ምንጣፉ ላይ ከወንዶቹ መሐል ተመቻችተው። ሁሉንም አንተ ነው የሚሏቸው። "ከአንተ ይልቅ ጥሩ ይበሉ ነበር። ከእንግሊዝ በፊት የጣልያን በቅሎዎች እዚሁ ነበሩ፤ ያኔ እናቴ ታጭዳለች፣ እኔ እሸከማለሁ። እንግሊዝ ሲሄድ ደግሞ የጃንሆይ ሰዎች በቅሎዎቻቸውን እዚሁ አሰሩ። ለሦስቱም ሳር ያመጣሁት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ተክለማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ለመሆኑ፣ እናቴ፣ ከሦስቱ የማን ይሻል ነበር?"

"በቅሎዎቹ ነው?"

"አይ፣ መንግሥቶቹ።"

"መንግሥቶቹን አላየኋቸውም፤ ከቢሮ አይወጡም። እኔ የማውቀው በቅሎዎቹን ነው። የጣልያን ይራገጣል። የእንግሊዝ ይነክሳል፤ ሲነክስ ግን ሰዓት ጠብቆ ነው።" አዴር ዐቦኮር በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። "የጃንሆይ ሰዎች በቅሎስ ጨዋ ነበር። ሳር ግን አያስተርፍም፤ ለፍየሎቻችን የተውነውንም ይጨርሰዋል።"

"ይኸው" አለ ዐብዲፈታህ።

"አንተ ዝም በል" አሉት ኤዶ ማርያን። "ዛሬ የመንግሥት መኪና የሚቆመው የት ነው? የእኔ ወተት ጥላ ላይ። እሱንስ ለማን ልክሰስ?"

አቶ ቢሌ በመስኮት አዩ። የመጡባት የቀበሌ መኪና ጥላው ላይ ቆማለች። ቁልፉን አውጥተው ራሳቸው ሄደው አነሷት።

ሲመለሱ ክርክሩ ሞቆ ጠበቃቸው፤ በባዶ አፍ። አዴር ዐቦኮር የኤዶን መስፈሪያ ጣሳ ይዘው ወደ ብርሃኑ እያገላበጡ ነው። "ይሄ የእንግሊዝ ጦር ብስኩት ጣሳ ነው። ፊደሉ ይታያል። ይሄ ነው ቅርስ ማለት።"

"አንድ ወታደር ነው የሰጠኝ፤ ባዶውን። ብስኩቱን በቅሎው በልቶት።"

"ሙዚየም ይገባል" አሉ አዴር።

"ይፍረስ" አለ ዐብዲፈታህ፣ በልማድ።

"ወተቴን በምን ልስፈር?" አሉ ኤዶ ማርያንና ጣሳቸውን ነጠቋቸው።

እኔ ጻፍኩ፦ ቤቱ የሦስት መንግሥታት የበቅሎ ጋጣ መሆኑ በምስክርና በማስረጃ ስለተረጋገጠ፣ ሙዚየም ለመሆን የማያኮራ፣ ለመፍረስም የማያስቆጣ ሆኖ ስለተገኘ፣ ተከራይዋ ባለችበት ትቀጥል። አቶ ቢሌ አንድ በአንድ ዞረው አዩ። እሺ። እሺ። ዐብዲፈታህ ወደ እኔ አየ። "እሺ" አለ። ማንም ምንም አልቃመም ነበርና መድገም አላስፈለገም።

ሲወጡ አቶ ቢሌ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው "የኤዶ ስም ኮሚቴው ዝርዝር ውስጥ ይግባ" አሉኝ። ኤዶ ማርያን ከውጭ ሰምተው "ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ አልመጣም፤ በዚያ ሰዓት የምታወሩት አይገባኝም" አሉ። አዴር ዐቦኮር ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወተት ይገዛሉ። ጣሳዋን ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው ሲጠጡ ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ።

ፋይሶ መሰላሉን ይዞ መጣ። "'ጋጣ' ብዬ ልጻፍልሽ?"

"'ንጋቷ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት' ብለህ ጻፍ። ሌላ አንዲት ቃል እንዳትጨምር።"

አንድ ሳምንት ቻልኩ። በስምንተኛው ቀን መልሼ ጠራሁትና ከሥሩ በትናንሽ ፊደል አስጨመርኩ፦ "ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ እንግዶችን በማስተናገድ ላይ።" ይህ ቃል በቃል እውነት ነው፤ ደፋር ይሞግተኝ።

ያው እንደፈራሁት ከተማው ሁሉ ሣቀብኝ። ባጃጅ ነጂዎቹ በደጄ ሲያልፉ እንደ በቅሎ ይጮኻሉ፤ አንዱ በጣም ጎበዝ ነው። ዐብዲፈታህ የተማሪዎቹን ፈተና ሊያባዛ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ አየ።

"ንጋቷ፣ በቅሎዬን የት ላስራት?"

"በቅሎ የለህም።"

"ራሴንስ?"

ፈተናውን ተቀብዬ የመጀመሪያውን ገጽ አነበብኩ። ጥያቄ ሦስት ስህተት ነበረበት። በቀይ አከበብኩለትና "ከበሩ ጀምሮ ሁለተኛው ቀለበት ባዶ ነው" አልኩት።